ከመስኮቱ በላይ ያለው ሐበሻ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ በስተምሥራቅ፣ መንገድ ብቻ ተሻግሮ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዋና ሕንፃ ይገኛል። በሦስተኛው ፕሬዚዳንት ስም ቶማስ ጀፈርሰን ሕንፃ ይሉታል። ጎብኚው በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የውስጡ እብነ በረድና የጣሪያ ሥዕል ዝናው የናኘ ነውና አይፈረድበትም። ውጭ፣ በመስኮቶቹ ቅስት አናት ላይ፣ ከግራናይት የተፈለፈሉ 33 የሰው ራሶች አሉ። ሕንፃው በኅዳር 1897 በሩን ከከፈተበት ቀን ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ታች እያዩ እዚያው አሉ።

ከ33ቱ አንዱ ሐበሻ ነው።

ይህን የምለው በመልክ ተመርቼ አይደለም። በራሶቹ ዝርዝር 13ኛ ላይ «አቢሲኒያዊ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከእሱ በፊት «ዘመናዊ ግብፃዊ»፣ ከእሱ ቀጥሎ «ማላይ» ይመጣል። ዲሲና አካባቢዋ ከአገር ውጭ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑን ማንም ያውቃል። በዚህ ሕንፃ ሥር ታክሲ እየነዳ ያረጀ፣ ከሥራ መልስ እዚያ አካባቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለዜግነት ፈተና ያጠና ወገን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የድንጋይ ራስ የጠየቅኳቸው ግን አብዛኞቹ ሰምተውም አያውቁም ነበር።

ለእኔ ያሳዩኝ አንድ ፎቶ አንሺ ናቸው። ሙያቸው ሠርግ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሙሽራ ያነሳሉ፣ በሌላው ቀን ሰዓት ሲያገኙ የሕንፃ ላይ ፊቶችን ያነሳሉ። «ስሜን ተዪው፤ ሙሽሮቹ ‹ሰውዬው ከድንጋይ ጋር ያወራል› ብለው ይታዘቡኛል» አሉኝ። ሥራውን የጀመሩት ፒያሳ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ኔጋቲቭ ላይ በቀጭን እርሳስ እየነካኩ የደንበኛውን የፊት መጨማደድ በማጥፋት ነው። የሰው ፊት የት ላይ ብርሃን እንደሚወድ የተማሩት ያኔ ነው።

በጥር ወር፣ እኩለ ቀን ትንሽ እንዳለፈ፣ ከሕንፃው ምዕራባዊ ፊት ለፊት ቆመናል። ለምን በዚህ ብርድ እንደመረጡት ስጠይቃቸው ጣታቸውን ወደ ዛፎቹ ቀሰሩ። ቅጠል የለም። በበጋ ቢሆን ግማሹ መስኮት በቅርንጫፍ ይሸፈናል። ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይዋ ናት። በክረምት ዋሽንግተን ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ወደ ምዕራብ የዞረውን ግድግዳ ከቀኝ በኩል እየዳሰሰች ታልፋለች። ያኔ የአፍንጫው ጥላ ጉንጩ ላይ ይወድቃል፣ የቅንድቡ ጠርዝ ይለያል፣ ጢምና ፀጉር ላይ መሮው ያለፈበት ይታያል። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ እያዘነበለች በሄደች መጠን ብርሃኑ ይበልጥ ከፊት ይመጣል፤ ያ ጥላም እየሳሳ ይሄዳል። በሐምሌ እኩለ ቀን ደግሞ ብርሃኑ ከላይ ወርዶ ዓይኑን በቅንድቡ ጥላ ይደፍነዋል።

«ሙሽራን በሐምሌ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አቁመሽ ታነሺያለሽ?» አሉኝ።

«አላነሳም፣ ጋሼ።»

«ይሄስ ምን በደለ?»

የድንጋይ ፊት የሚያነሳ ሰው ፍላሽ ይዞ አይሄድም፤ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ፍላሽ ምን ይፈይዳል? ያለው መሣሪያ ሰዓት ነው። ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ያገኛል፤ ወደ ሰሜን የዞረው ግን በበጋ ማለዳና ማታ ለጥቂት ጊዜ ካልሆነ በቀር ፀሐይ አይነካውም። በዚህ ሕንፃ ላይ ያሉትን 33 ራሶች በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ግማሾቹን ያበላሻል። ደመና ሲሆንስ? ፎቶ አንሺው ደመናን ለሰው ይወዱታል፣ ለድንጋይ ይጠሉታል። የሰው ቆዳ ለስላሳ ብርሃን ያምርበታል፤ ድንጋይ ግን ቀለሙ አንድ ስለሆነ ያለ ጥላ ቅርጹ አይነበብም።

ቀጥሎ ርቀት ይመጣል። ጀማሪ ሁሉ ከግድግዳው ሥር ቆሞ ካሜራውን ወደ ሰማይ ያቀናል። ውጤቱ አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ራሱ ከዓይናችን ከፍታ 8 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥና እኛ ከግድግዳው 8 ሜትር ብንርቅ፣ በ45 ዲግሪ አንጋጥጠን ነው የምናነሳው። 40 ሜትር ብንርቅ ግን ማዕዘኑ ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል፤ ፊቱም እንደ ፊት መታየት ይጀምራል። ስለዚህ ረጅም ሌንስ የሚያስፈልገው ለማቅረብ ብቻ አይደለም፤ ርቀን እንድንቆም ስለሚፈቅድልን ነው። ሌንሱ ሲረዝም የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። ፎቶ አንሺው ትራይፖድ አይዙም፤ በዚያ ሰፈር ትራይፖድ መትከል ፈቃድ የሚያስጠይቅበት ቦታ አለና ከፖሊስ ጋር ንግግር አይፈልጉም። ጀርባቸውን ለዛፍ ግንድ ይሰጣሉ፣ ክንዳቸውን ከጎናቸው ያጣብቃሉ፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ የሸተሩን ፍጥነት ከፍ ያደርጋሉ። የኒው ሃምፕሻየር ግራናይት ነጣ ያለ ስለሆነ ካሜራው ተታሎ ፎቶውን ያጠቁረዋል፤ ለዚህም ብርሃኑን በእጃቸው ጨመር ያደርጋሉ።

ሆኖም ከሥር ሆኖ ማንሳት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ቀራፂው ራሱ ሥራው ከታች እንደሚታይ ያውቃል። የዓይኑን ብሌን በመሰርሰሪያ አስጎድጉዶ ጥላ እንዲቋጥር ያደርጋል፣ ቅንድቡን ወደ ፊት ያወጣል፣ የላይኛውን ከንፈር ያጋንናል። ማዶ ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ትክክል ፊት ለፊት ያነሳው ሰው አንዳንድ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ያገኛል፦ ከመንገድ ሲታይ ኩሩ የነበረው ፊት ከእኩያ ከፍታ ሲያዩት የደነገጠ ይመስላል። ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው ለመንገደኛ የተሠራውን ከመንገደኛ ቦታ፣ ግን ራቅ ብሎ ማንሳት ነው።

በሕንፃ ላይ ፊት መቅረፅ ጥንታዊ ልማድ ነው። ግሪኮች ክፉ ነገር እንዲያባርርላቸው የጎርጎንን ፊት በቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ ያደርጉ ነበር። በኋላ አውሮፓ ውስጥ ፊቱ ወደ በርና መስኮት ቅስት ወረደ፤ ሁለቱን የቅስት ክንፎች ቆልፎ የሚይዘው መካከለኛው ድንጋይ ለእሱ የተመቸ ቦታ ሆነ። ፓሪስ ውስጥ ፖንት ኔፍ የሚባለው ድልድይ ጎንና ጎኑን ከ380 በላይ ፊቶች ተደርድረውበታል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ደግሞ ፊት ከሸክላ በቅርጽ መምቻ እየታተመ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ፤ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ጎዳና ላይ ያየነውን ወጣት ሌላው ጎዳና ላይ ደግመን የምናገኘው ለዚህ ነው። በእኛ አገር አሮጌ ሕንፃዎች ላይ የሰው ፊት እምብዛም አይታይም። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ከግድግዳ አውጥተው የሚተዉትን የእንጨት ጫፍ የዝንጀሮ ራስ ብንለውም ፊት የለውም። የሰው መልክ በድንጋይ ስንፈልግ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ቤተ ጎልጎታ ግድግዳ እንሄዳለን፤ እነዚያም ቅዱሳን ናቸው።

የዋሽንግተኖቹ 33 ራሶች ግን ከዚህ ሁሉ ይለያሉ። መናፍስት ለማባረር አልተቀረፁም፣ ለጌጥ ብቻም አልተቀመጡም። የሰውን ዘር በዓይነት በዓይነቱ እንዲያሳዩ ነው የታዘዙት። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን የመራው የአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየም የኢትኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ኦቲስ ሜሰን ነበር። ቀራፂዎቹ ዊልያም ቦይድና ሄንሪ ጃክሰን ኤሊኮት ናቸው። ኤሊኮት በዚያችው ከተማ የጄኔራል ሃንኮክን የፈረስ ላይ ሐውልት የሠራ ነው። ሁለቱ ሰዎች የተሰጣቸው ግብዓት የሙዚየሙ ሞዴሎች፣ ፎቶግራፎችና የአካል ልኬቶች ነበሩ። እንግዲህ እኛ ዛሬ ፎቶ የምናነሳው ድንጋይ ራሱ በከፊል ከፎቶ የወጣ ነው።

የዚያ ዘመን የአንትሮፖሎጂ ፎቶ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል፦ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፤ አንዳንዴም መለኪያ ዘንግ አጠገቡ ቆሞ። የተነሺው ስም አይጻፍም፣ የሚጻፈው የጎሣው ነው። ፎቶ አንሺያችን ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «የእኛ ሠዓሊ ደግን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉን በአንድ ዓይኑ ይስላል። እነዚህስ ሁለቱንም አንድ ሰው ላይ ሠሩበት!» እውነታቸውን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያየናል፤ ይሁዳና ሰይጣን በጎናቸው ይቆማሉ። ከጎን የተሳለ ሰው አያየንም፤ እኛ ብቻ ነን የምናየው። የልኬት ፎቶም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ሜሰን በዘመኑ የታወቀ ሰው ነበር፤ ተቃዋሚም አላጣም። በ1887፣ ገና 30 ዓመት ያልሞላው ጀርመናዊ አንትሮፖሎጂስት ፍራንዝ ቦአስ፣ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የሜሰንን የሙዚየም አደራደር ተቸ። ሜሰን ዕቃዎችን በዓይነታቸው ይደረድር ነበር፤ የሁሉንም ሕዝብ ከበሮ በአንድ ቦታ፣ የሁሉንም ቀስት በሌላ ቦታ፣ ከኋላ ቀር ወደ ሠለጠነ ነው ብሎ በሚያምነው ቅደም ተከተል። የቦአስ ክርክር ደግሞ አንድ ዕቃ ትርጉም የሚያገኘው በሠራው ሕዝብ መካከል፣ ከሌሎቹ ዕቃዎቹ ጋር ሲታይ ነው የሚል ነው። በኋላ የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ በቦአስ መንገድ ሄደ። ሰውን በራስ ቅል ልኬትና በመልክ ወደ ዓይነት መክፈልም ከሳይንስ ተራ ወጣ። 33ቱ ራሶች ግን ከግራናይት ናቸውና እዚያው ቀሩ።

የቦአስን ክርክር ለፎቶ አንሺዎች ብወስደው ደስ ይለኛል። የተቀረፀ ፊት የሚያነሳ ሰው ትልቁ ፈተናው መቁረጥ ነው። ረጅሙን ሌንስ አሾልኮ ፊቱን ብቻ ሲሞላው ፎቶው ያምራል፤ መስኮቱ የለም፣ ግድግዳው የለም፣ ጎረቤቶቹ የሉም። አንድ የሚያሳዝን የድንጋይ ሰው ብቻ። ያ ፎቶ ሜሰን በ1890ዎቹ ያደረገውን በትንሹ ይደግመዋል፤ ፊቱን ከቦታው ነቅሎ ናሙና ያደርገዋል። ሐበሻው በዚህ ሕንፃ ላይ ምን ሆኖ እንደቆመ የሚገባን ሰፋ አድርገን ስናይ ነው። በመግቢያው በኩል፣ ከራሶቹ ከፍ ብሎ፣ በክብ መስኮቶች ፊት ዘጠኝ ጡተ ሐውልቶች ተቀምጠዋል፦ ዴሞስቴንስ፣ ኤመርሰን፣ ኢርቪንግ፣ ጎይተ፣ ፍራንክሊን፣ ማኮሌይ፣ ሆውቶርን፣ ስኮትና ዳንቴ። እነዚህ እያንዳንዳቸው ስም፣ አገርና መጽሐፍ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ዝቅ ብለው ያሉት 33ቱ ዓይነቶች ናቸው። ከላይ ግለሰብ፣ ከታች ናሙና። ይህን ልዩነት የፊት ብቻ ፎቶ አይናገረውም፤ መግቢያውን ሙሉ የያዘ ፎቶ ግን ያለ አንድ ቃል ይናገረዋል።

ደራሲ በሞላበት ሕንፃ ላይ ሐበሻው በዓይነትነት መቆሙ ለእኛ ሌላም ምፀት አለው። ሕንፃው ሲከፈት አድዋ ካለፈ ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። አሜሪካ ወደ ምኒልክ መልእክተኛዋን ሮበርት ስኪነርን የላከችው በ1903 ነው። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ይፋዊ ልዑክ ዋሽንግተን የገባው ደግሞ በ1919፣ በደጃዝማች ናደው መሪነት ነው፤ ከልዑካኑ አንዱ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። ከዘጠኙ ጡተ ሐውልቶች ተርታ የማያንስ ደራሲ በእግራቸው ከተማዋን ሲረግጡ፣ ስም የለሹ ወገናቸው ግድግዳው ላይ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል።

የአፍሪካውያን ፊት በሌላ አገር ግድግዳ ላይ የተቀረፀበት ቦታ ይህ ብቻ አይደለም። የፈረንሳይዋ ቦርዶ በ18ኛው መቶ ዘመን ሕንፃዎቿ ላይ 3000 ያህል ፊቶች አሏት። ባሕር፣ ወይን ጠጅና ንግድ በመልክ ተመስለዋል፤ በፕላስ ደ ላ ቡርስ አካባቢ ደግሞ የአፍሪካውያን ፊቶች ይታያሉ። ከተማዋ ከፈረንሳይ ዋና ዋና የባሪያ ንግድ ወደቦች አንዷ ነበረች። እዚያ የሚያነሳ ሰው ወደቡ የነበረበትን የወንዝ ዳርቻ በፎቶው ውስጥ ቢያስገባ ፊቶቹ ለምን እዚያ እንዳሉ ፎቶው ራሱ ይነግረናል። ዋሽንግተን ውስጥ ያለው ብሔራዊ ካቴድራል ደግሞ ፈገግ ያሰኛል፤ በ1980ዎቹ በልጆች ውድድር ተመርጦ የተቀረፀ፣ የፊልም ገጸ ባሕርይ የሆነው የዳርት ቬደር ራስ ሰሜን ምዕራባዊው ማማ ላይ ተቀምጧል። ያለ ባይኖኩላር ማየት ይከብዳል። የዚያ ካቴድራል ድንጋይ ግን ላይምስቶን ነው፤ አሲድ ያዘለ ዝናብ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፣ አፍንጫና ከንፈርም መጀመሪያ ይሄዳሉ። እንዲህ ባለ ድንጋይ ላይ ፎቶ ከመዝናኛ አልፎ መዝገብ ይሆናል። ግራናይት ለዚህ ጠንካራ ነው፤ ሐበሻችን ከእኛ በላይ ይኖራል።

ወደ ጀፈርሰን ሕንፃ ልመለስ፤ የውስጡን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፊቱ በግድግዳው ላይ ባለው በዚሁ ሕንፃ ውስጥ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ክፍል የንባብ አዳራሽ አለ። የአማርኛ መጻሕፍት እዚያ ይነበባሉ። ትልቁን የአማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1990 ያሳተመው ቶማስ ሌይፐር ኬን የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎችም በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ብራናው ላይ ብዙ ጊዜ የጸሐፊው ስም፣ ያስጻፈው ሰው ስም፣ አንዳንዴም የተጻፈበት ዘመን አለ። በውጭ «አቢሲኒያዊ» ተብሎ የታለፈው ሕዝብ በውስጥ በስም በስሙ ተቀምጧል።

ፎቶ አንሺው ያን ቀን ያነሷቸውን ፎቶዎች በካሜራው ጀርባ አሳዩኝ። አንዱ የፊቱ ብቻ ነው፤ ሌላው መስኮቱንና የጎረቤቶቹን ራሶች የያዘ ነው። ቤታቸው ያለው ስብስብ ሁሉ እንዲህ ጥንድ ጥንድ ነው፤ በእያንዳንዱ ሥር ደግሞ መግለጫ ይጽፋሉ። «ፎቶ ቤት ስንሠራ ከፎቶው ጀርባ ስምና ቀን ሳይጻፍ ለደንበኛ አይሰጥም ነበር» አሉኝ። የሠርግ ደንበኞቻቸው ዛሬ ይህን ሲያዩ ይስቃሉ። እኔ ግን ከሌንሱም ከብርሃኑም በላይ የማስበልጠው ይህን ልማድ ነው። ያለ መግለጫ የሚዞር የ13ኛው ራስ ፎቶ ምን ይሆናል? ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ አንዱ «የንጉሥ ልጅ ነው» ይላል፣ ሌላው «አሜሪካኖች ከጥንት ያከብሩን ነበር» ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ የራቀ ነው። እውነቱ ከሁለቱም ይልቅ አነጋጋሪ ነው።

ስለ ፊቱ መልክ እዚህ ምንም አለመጻፌን ያስተዋለ አንባቢ ይኖራል። ሆን ብዬ ነው። አፍንጫው እንዲህ፣ ፀጉሩ እንዲያ ብዬ ብዘረዝር የሜሰንን ሥራ መልሼ መሥራት ይሆንብኛል። ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ሄዳችሁ እዩት፤ ከውጭ ለማየት ቲኬትም ቀጠሮም አያስፈልግም። ርቃችሁ ለምትኖሩ፣ ፎቶግራፍ አንሺዋ ካሮል ሃይስሚዝ ይህን ሕንፃ በሰፊው አንስታለች፤ ሥራዎቿን ከ1992 ጀምሮ ለዚሁ ቤተ መጻሕፍት እየሰጠች ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ፈቅዳለች።

ራሳችሁ ካነሳችሁ ግን ሁለት ፎቶ አንሱ፣ አንድ ከቅርብ አንድ ከሩቅ። ከሥራቸውም ይህን ጻፉ፦ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ጀፈርሰን ሕንፃ፣ ግራናይት፤ ቦይድና ኤሊኮት በኦቲስ ሜሰን መሪነት ከሠሯቸው 33 የ«ዘር ዓይነት» ራሶች 13ኛው። ያነሳችሁበትን ቀንና የራሳችሁን ስም አትርሱ።